ከናይቫሻ ሐይቅ እስከ ናይሮቢ፦ ለሰባት ቀን የቤተሰብ ዕረፍት የቱ ይቅደም?

ጥያቄ

ለተከበሩት የአምዱ አዘጋጅ፣

እኔና ባለቤቴ የሦስት ልጆች ወላጆች ነን። ትልቋ ልጃችን 12፣ ተከታዩ 8፣ የመጨረሻዋ 4 ዓመታቸው ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ 68 ዓመት የሞላቸው ሲሆን፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ረጅም ርቀት መሄድ አይችሉም፤ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ አጽዋማትን ሁሉ ይጾማሉ። ለሁለት ዓመት ባጠራቀምነው ገንዘብ በመጪው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ መላው ቤተሰብ ለሰባት ቀን፣ ማለትም ለስድስት ሌሊት፣ ወደ ኬንያ ለመሄድ አስበናል። ባለቤቴ ልጆቹ ትልቅ ከተማ እንዲያዩ ስለሚፈልግ ናይሮቢን ይመርጣል። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የከተማ ጭስና ጩኸት የጠገቡ ልጆች ሜዳና ሐይቅ ቢያዩ ይሻላል እላለሁ። ያነጋገርነው አስጎብኚ ድርጅት ያቀረበልን ዕቅድ ሁለት ሌሊት ናይሮቢ፣ ሁለት ሌሊት በዱር እንስሳቱ የታወቀው ማሳይ ማራ፣ አንድ ሌሊት ናኩሩ፣ አንድ ሌሊት ናይቫሻ የሚል ነው። ዕቅዱ ሁሉንም ያሟላ ቢመስልም፣ በልቤ ግን ጥርጣሬ አድሮብኛል። ምን ይመክሩናል?

የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው፤ ያንን ዕቅድ እንዳይቀበሉ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። በእኔ አስተያየት ሦስት ሌሊት ናይቫሻ፣ ቀጥሎም ሦስት ሌሊት ናይሮቢ ብታሳልፉ፣ በመካከሉም ሻንጣ የምታነሱት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን፣ የባለቤትዎም የእርስዎም ፍላጎት ይሟላል። ገጠሩ ይቅደም የምልበትን ምክንያት ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ አስቀድሜ ግን የቀረበላችሁን ዕቅድ በሰዓት እንመዝነው።

ከናይሮቢ ማሳይ ማራ ለመድረስ በመኪና ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ከማራ ወደ ናኩሩ የሚደረገው ጉዞም ከዚህ ብዙም አያንስም። ከናኩሩ ናይቫሻ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ከናይቫሻ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ ግን እንደ መንገዱ መጨናነቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲደመር፣ እንስሳት ለማየት በየፓርኩ ውስጥ የሚነዳው ሳይቆጠር፣ ወደ አሥራ አምስት ሰዓት ገደማ በመኪና ወንበር ላይ ያልቃል ማለት ነው። በዚያ ላይ በስድስት ሌሊት አራት ሆቴል መቀያየር አለ፤ ሆቴል በተቀየረ ቁጥር ደግሞ የስድስት ሰው ልብስ ይታጠፋል፣ የአማትዎ መድኃኒት ይፈለጋል፣ የአራት ዓመቷ ልጅ አዲስ አልጋ ላይ አልተኛም ብላ ታለቅሳለች። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጆቼን ይዤ በአምስት ቀን ሦስት ቦታ ለማዳረስ ሞክሬ ነበር። ከዚያ ጉዞ ልጆቼ አጥርተው የሚያስታውሱት የመኪናውን የኋላ ወንበርና መንገድ ዳር ቆመን የበላነውን በቆሎ ነው። ስለዚህ አጭር የቤተሰብ ጉዞ ሲታቀድ ስንት ቦታ እናያለን ከሚለው ጥያቄ በፊት ስንት ጊዜ ዕቃ እናነሣለን የሚለው ሊጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ማራን መተው ሊያሳዝናችሁ እንደሚችል አውቃለሁ። ይሁንና ናይሮቢ ራሷ በዓለም ላይ ጥቂት ከተሞች ብቻ የታደሉት ነገር አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከለለው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ኖሮት ከከተማዋ ጋር ድንበር ይጋራል። አንበሳ፣ አውራሪስ፣ ጎሽና ቀጭኔ ከበስተጀርባቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ሲታዩ መመልከት የሚቻለው እዚያ ነው። ዝሆን ግን የለበትም፤ ቦታው ለዝሆን አይበቃም። ስለዚህ ልጆቹ ትልልቆቹን እንስሳት ለማየት የስድስት ሰዓት መንገድ መጓዝ አይጠበቅባቸውም።

አሁን ወደ ጊዜው እንምጣ። እኛ ዘንድ ክረምቱ ሲገባ ኬንያ ደጋማ ክፍል ዝናቡ የሚያቆምበት ወቅት ነው። ረጅሙ የዝናብ ወራት ከማርች እስከ ሜይ፣ አጭሩ ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር በመሆኑ፣ ሐምሌ ለመንገዱም ለጉብኝቱም ይመቻል። ዝናብ የለም ማለት ግን ሙቀት አለ ማለት አይደለም። ጁላይ ለናይሮቢ የዓመቱ ቀዝቃዛ ወር ነው፤ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ የሚውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፣ ማለዳና ምሽቱም ይበርዳል። «አፍሪካ ሳፋሪ» ሲባል ቁምጣና ስስ ሸሚዝ ብቻ የሚታያቸው ልጆች ሹራብና ጃኬት መያዝ አለባቸው፤ ለአማትዎም ጋቢያቸውን አይርሱባቸው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ናይቫሻም ከ1,880 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚሉ ለአማትዎ እስትንፋስ አያስቸግሩም፣ የወባ ሥጋትም በሁለቱም ዝቅተኛ ነው።

ቀኑን ስትመርጡ ሁለት ነገር አስቡ። እ.ኤ.አ. በ2024ም በ2025ም ከጁን 25 (ሰኔ 18) እስከ ጁላይ 7 (ሰኔ 30) ባሉት ቀናት ናይሮቢ ውስጥ ትልልቅ የተቃውሞ ሰልፎች ተካሂደው የከተማዋ መሐል ተዘግቶ ነበር። እነዚህ ቀናት በየዓመቱ የሚታሰቡ እየሆኑ ስለመጡ፣ ልጆች የያዘ ቤተሰብ ከእነርሱ በኋላ ቢሄድ ይሻላል። በሌላ በኩል ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ይገባል፤ በኦገስት መግቢያ ገደማም የኬንያ ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ የናይቫሻ ሆቴሎች በናይሮቢ ቤተሰቦች ይሞላሉ። ስለዚህ ከሐምሌ 5 እስከ ሐምሌ 25 ያለው ጊዜ ለእናንተ የተመቸ ነው። በተጨማሪም ናይቫሻ የምታድሩባቸው ሌሊቶች ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ውስጥ ቢውሉ ሆቴሉም ይረክሳል፣ ሐይቁም ጸጥ ይላል። ቅዳሜና እሑድ የናይሮቢ ሰው ለመዝናናት የሚወጣው ወደዚያው ነውና።

ገጠሩ ይቅደም ያልሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የመመለሻ በረራ ጉዳይ ነው። ከናይቫሻ ወደ ናይሮቢ የሚወስዱት መንገዶች ከባድ የጭነት መኪና የሚበዛባቸው ናቸው፤ አንድ መኪና ከተገለበጠ ሰዓታት ሊዘጉ ይችላሉ። የመጨረሻዎቹን ሌሊቶች ከተማ ውስጥ ያደረገ ቤተሰብ ስለዚህ አይጨነቅም። ሁለተኛው ደግሞ የልጆቹና የአማትዎ ድካም ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በፈተናና በሥራ የቆየ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዕረፍት እንጂ ሌላ ግርግር አይደለም። ሦስት ቀን በሣር ላይ ከሮጡ በኋላ ልጆቹ ለሙዚየምና ለከተማ የሚሆን ትዕግሥት ያገኛሉ።

ይህ እንዲሳካ ከአዲስ አበባ የሚነሣው በረራ ናይሮቢ ከቀትር በፊት ወይም በቀትር የሚደርስ መሆን አለበት። በረራው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሆቴሉ የሚልከው ወይም አስቀድማችሁ የተዋዋላችሁት ሾፌር ከአውሮፕላን ማረፊያው ተቀብሏችሁ እ.ኤ.አ. በ2022 በተከፈተው የክፍያ ፈጣን መንገድ ላይ ቢነዳ፣ የከተማዋን መጨናነቅ ከላይ አልፎ ዌስትላንድስ የሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ናይቫሻ ከመምሸቱ በፊት ትገባላችሁ። በረራው ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ግን ናይሮቢ ማደር ይሻላል፤ ያንን መንገድ በጨለማ እንዳትሄዱበት። ስለ ባቡሩም ሰምታችሁ ይሆናል፤ ከናይሮቢ የሚነሣው አዲሱ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የናይቫሻ ጣቢያ ወደሚባለው ቢደርስም፣ ጣቢያው ከከተማውና ከሐይቁ ርቆ ሱስዋ አካባቢ ስለሚገኝ ሻንጣና አረጋዊት ለያዘ ቤተሰብ አይመችም።

ሾፌሩ ከሁለቱ መንገዶች በማይ ማሂዩ በኩል የሚወርደውን ቢይዝ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ የስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ወለል ብሎ ይታያል። ያ ሸለቆ የእኛው ነው፤ ባቱን፣ ላንጋኖንና ሐዋሳን ይዞ ወደ ደቡብ የሚዘልቀው ያው ስንጥቅ ኬንያ ውስጥ ናይቫሻን ይይዛል። ለ12 ዓመቷ ልጅ ካርታ ይዛ ከአፋፉ ላይ ብትቆም ከአንድ ዓመት የጂኦግራፊ ትምህርት የበለጠ ይገባታል። ከገደሉ ሥር መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። እ.ኤ.አ. በ1942 የሠሯት መንገዱን ይሠሩ የነበሩ የጣሊያን ምርኮኞች ናቸው፤ እነዚህም ፋሽስት ጣሊያን ከአገራችን ተሸንፎ በወጣበት በምሥራቅ አፍሪካው ጦርነት እጃቸውን ከሰጡት መካከል ነበሩ። አማትዎ ስለ ጠላት ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙት ካለ ለልጆቹ የሚያወሩበት ቦታ እዚያ ነው፤ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ እለፉ።

ናይቫሻ ሐይቅ ጨው የሌለበት፣ ጉማሬና አእዋፍ የሞሉበት ሐይቅ ነው። ጀልባ የምትይዙት በጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሣ ውኃው ይናወጣል። ዋጋ ስትነጋገሩ ክፍያው ለጀልባው በሰዓት ይሁን በነፍስ ወከፍ አስቀድማችሁ ለዩ፣ ለትንሿ ልጅ የሚሆን የመንሳፈፊያ ጃኬት ካላቀረቡ አትሳፈሩ። በጀልባ ወደ ክሬሰንት ደሴት ተሻግራችሁ ከቀጭኔና ከሜዳ አህያ መካከል በእግር መሄድ ትችላላችሁ። አንበሳ የሌለበት ቦታ በመሆኑ ልጆች ከመኪና መስኮት ውጭ ሆነው የዱር እንስሳትን የሚያዩበት አጋጣሚ ነው። ሜዳው ገር ነው፤ ከጀልባው መውጣትና መውረድ ግን ጉልበት ለሚያማቸው ሰው ስለሚከብድ፣ አማትዎ ከሆቴሉ ሣር ላይ ወንበር ተዘርግቶላቸው ዓሣ በል ንስሩ ከውኃው ሲነሣ ቢመለከቱ አይቀርባቸውም።

ሆቴሉን ስትመርጡ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የመጀመሪያው ስለ ውኃው ነው፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በመጨመሩ በዳርቻው ያሉ ግቢዎች በውኃ የተያዙበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ የድሮ ፎቶግራፍ አይታችሁ ገንዘብ አትክፈሉ፣ የአትክልት ቦታውና የጀልባ መሳፈሪያው አሁን ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ስለ ጉማሬ ነው። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ ግቢው ስለሚወጣ፣ የኤሌክትሪክ አጥር መኖሩንና ከእራት በኋላ ወደ ክፍል የሚያደርስ ጥበቃ መመደቡን አረጋግጡ። ይህን ለልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥብቅ ንገሯቸው፤ ጉማሬ የዋህ ቢመስልም ሰው ይገድላል።

ከናይቫሻ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ በብስክሌት መግባት ከሚፈቀድባቸው ጥቂት ፓርኮች አንዱ ነው። ብስክሌት ከበሩ አካባቢ ይከራያል፤ የ12 ዓመቷና የ8 ዓመቱ ልጅ ከአባታቸው ጋር በቀይ ገደሎች መካከል፣ የሜዳ አህያና ከርከሮ ግራ ቀኝ እያዩ ሲነዱ፣ እርስዎ፣ ትንሿና አማትዎ በመኪና መከተል ትችላላችሁ። በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ጠባብ ገደል መውረድን ግን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2012ና በ2019 ከላይ ከተራራው የመጣ ድንገተኛ ጎርፍ በገደሉ ውስጥ የነበሩ ጎብኚዎችን ሕይወት ቀጥፏል፤ ጎርፉ የሚመጣው እዚያው በዘነበ ዝናብ ብቻ ስላልሆነ ሰማዩ ጠርቶ ማየት ዋስትና አይሆንም። ከዚያ ይልቅ በፓርኩ አጠገብ ካለው የኦልካሪያ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ አካባቢ በከርሰ ምድር ሙቀት የሚሞቅ የመዋኛ ገንዳ አለ፤ የአማትዎ ጉልበትም የሚወደው ይመስለኛል።

ናይሮቢ ስትገቡ ማረፊያችሁ ካረን ወይም ላንጋታ በሚባለው ሰፈር ይሁን። በመሐል ከተማ ማደር ለነጋዴ ይመች ይሆናል፤ ልጆቻችሁ የሚያዩአቸው ነገሮች ግን አብዛኞቹ በደቡብ ምዕራብ በኩል ናቸው። ብሔራዊ ፓርኩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲከፈት ብትገቡ አንበሶቹን ሳይተኙ የማግኘት ዕድል አላችሁ። ከዚያ ሳትርቁ ወላጅ አልባ የዝሆን ግልገሎች የሚያድጉበት የሼልድሪክ ማዕከል አለ፤ ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው ከጠዋቱ 5 እስከ 6 ሰዓት ለአንድ ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ በጁላይና በኦገስት ቦታው ቀደም ብሎ ስለሚያልቅ የአውሮፕላን ትኬት በቆረጣችሁበት ሳምንት አስመዝግቡ። በፓርኩ የጎደለውን ዝሆን የምታገኙት እዚህ ነው፤ ግልገሎቹ ከትልልቅ ጡጦ ወተት ሲጠጡ ያየች የአራት ዓመት ልጅ በቀላሉ አትረሳውም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀጭኔዎችን በእጅ ማጉረስ የሚቻልበት የቀጭኔ ማዕከል እዚያው ላንጋታ ውስጥ ነው።

ለመጨረሻው ሙሉ ቀን ብሔራዊ ሙዚየሙን እመርጣለሁ። ድንቅነሽን አዲስ አበባ ላይ ያዩ ልጆች፣ ናይሮቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ የተገኘውን፣ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውን የልጅ ቅሪተ አካል ያገኛሉ። ድንቅነሽ በ1.7 ሚሊዮን ዓመት ያህል ትበልጠዋለች። የቱርካና ሐይቅ ውኃ አብዛኛው ከእኛው ከኦሞ ወንዝ የሚሄድ መሆኑን ብትነግሯቸው ሁለቱ ሙዚየሞች በአንድ ታሪክ ይያያዙላቸዋል። ባለቤትዎ የሚመኙትን የከተማ ገጽታ ደግሞ ከኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሆነው ያያሉ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው። ልጆቻችሁ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ግራ ማየት ስለለመዱ፣ እዚያ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እንዲያዩ ከመሄዳችሁ በፊት አለማምዷቸው።

ስለ ጾሙ አይጨነቁ። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት በሽንኩርትና በቲማቲም የሚሠራ ጎመን ከእኛው ጎመን የራቀ አይደለም፤ ጊዘሪ የሚባለው የበቆሎና የቦሎቄ ቅቅልም፣ ከበቆሎ ዱቄትና ከውኃ ብቻ የሚሠራው ኡጋሊም ለጾመኛ የሚሆኑ ናቸው። ጎመኑ አንዳንድ ቦታ ከሥጋ ጋር ስለሚሠራ «ቢላ ኛማ፣ ቢላ ማዚዋ፣ ቢላ ማያይ» ብላችሁ እዘዙ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። እንጀራ ከናፈቃቸው ናይሮቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በርካታ ናቸው። በነገራችን ላይ የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው ከንጋት የሚጀምር በመሆኑ አማትዎ ይደሰታሉ፤ ሾፌራችሁ በስዋሂሊ «ሳአ ምቢሊ» ካለ የእኛው ሁለት ሰዓት ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሆን የቀጠሮውን ሰዓት ሁልጊዜ በአንድ ቋንቋ ብቻ ተስማሙ።

ከቤት ስንቅ ስትይዙ፣ ዳቦ ቆሎም ሆነ በሶ፣ በፌስታል አትቋጥሩ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢትን በሕግ ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው፤ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ውኃ መያዣ እንኳ አይፈቀድም። ክዳን ያለው ዕቃና የጨርቅ ከረጢት ተጠቀሙ፣ ለእያንዳንዱም ልጅ የሚሞላ የውኃ መያዣ ግዙ።

ከሰነዶች በኩል፣ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም። ሆኖም የመግቢያ አሠራሮች ስለሚሻሻሉ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አዲስ አበባ ያለውን የኬንያ ኤምባሲ ጠይቁ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ፓስፖርት፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው፣ መያዝ አለበት፤ የልደት የምስክር ወረቀታቸውንም ያዙ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ ይህን ካርድ ሊጠየቅ ይችላል፣ ክትባቱ ደግሞ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አይጠቅምም፤ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ግን ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግለዋል። የውጭ ምንዛሪውን ከባንክ ወስዳችሁ ደረሰኙን ያዙ። የፓርኮቹ ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ በስልክ ወይም በካርድ የሚከፍልላችሁ ሾፌር ወይም ሆቴል አስቀድሞ ይታወቅ። የኤሌክትሪክ ሶኬታቸውም ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ መቀየሪያ ያዙ።

ጥያቄ

የራሳችን መኪና አለን። ይህን ጉዞ በሞያሌ በኩል በመኪና ብናደርገው ለልጆቹ ጥሩ ትምህርት አይሆንም ወይ?

አባት፣ ከአዳማ

መልስ

መንገዱ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቀን ብርሃን ብቻ ለሚነዳ ጠንቃቃ አባት ለመሄድ ብቻ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ለመመለስም ያንኑ ያህል ይፈልጋል፤ የሰባት ቀኑ ዕረፍት በመንገድ ያልቃል። ሦስት ሳምንት ሲኖራችሁ፣ የመንገዱን ጸጥታ አጣርታችሁና የኮሜሳን (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያን) ቢጫ ካርድ የሚባለውን የመኪና መድን ዋስትና ይዛችሁ አስቡበት። ሞያሌን እንደተሻገራችሁ ከቀኝ ወደ ግራ መንገድ መቀየር እንዳለ አትርሱ።

ጥያቄ

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖረው ሚኒሶታ ነው፤ ሁላችንም የአሜሪካ ፓስፖርት አለን። ወላጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። ለእረፍት ስንመጣ እናቴ ጠዋት ማታ እንግዳ ስትቀበል፣ ከወጥ ቤት ሳትወጣ እኛም ሳንጠግባት እንመለሳለን። በዚህ ዓመት ሁላችንም ናይሮቢ ተገናኝተን ጥቂት ቀን ከተማ፣ ጥቂት ቀን ገጠር እንድንቀመጥ አስበናል። ወላጆቼ ከዚህ በፊት ከአገር ወጥተው አያውቁም። እንዴት ብናደርገው ይሻላል?

ልጃቸው፣ ከሚኒያፖሊስ

መልስ

የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሐሳብዎ ልቤን ነክቶታል። መጀመሪያ የምመክርዎ ናይሮቢ ላይ ሳይሆን ቦሌ ላይ እንድትገናኙ ነው። ከአሜሪካ ወደ ናይሮቢ በአዲስ አበባ በኩል የሚወስድ በረራ ስላለ፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ያለውን ክፍል ወላጆችዎም በዚያው በረራ ላይ ቢይዙ፣ መሳፈሪያው በር ላይ ትገናኛላችሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በባዕድ አገር የኢሚግሬሽን መስኮት ፊት የሚቆሙትም ከእርስዎ ጋር ሆነው ነው። በቦሌ ያለው የቆይታ ጊዜ ከሦስት ሰዓት ባያንስ መልካም ነው፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ወላጆችዎ ብቻቸውን እንዳይሄዱ። ይሁንና ቆይታው ከ12 ሰዓት በላይ ከሆነ፣ ኢትዮጵያን የረገጠ መንገደኛ ተብላችሁ የቢጫ ወባ ካርድ ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

እናንተ የአሜሪካ ፓስፖርት ስለያዛችሁ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የምትጠይቀውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጆቹም ጭምር፣ ከመነሣታችሁ በፊት በኢንተርኔት ማውጣት አለባችሁ። ክፍያው በነፍስ ወከፍ 30 ዶላር ገደማ ነው፤ መንግሥታዊ ያልሆኑ ገጾች ከዚህ እጥፍ ስለሚያስከፍሉ በኬንያ መንግሥት ገጽ ብቻ አመልክቱ። ወላጆችዎ በኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው ይህን ቪዛ የሚመስል ነገር ሁሉ አይፈልጉም፤ የክትባት ካርዳቸው ግን ይዘጋጅ።

የቦታውን ጉዳይ ከላይ ለአዲስ አበባዋ እናት የሰጠሁት መልስ ይሸፍነዋል፤ ለእናንተ የምለውጠው ሌሊቶቹን ነው። ከሩቅ መጥታችሁ የሰዓት ልዩነት ስላለባችሁ ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በሌሊት ይነቃሉ፣ በቀን ይተኛሉ፤ ስለዚህ አራት ሌሊት ናይቫሻ፣ ሁለት ሌሊት ናይሮቢ አድርጉት። ልጆቹ ጎሕ ሲቀድ ሲነቁ አያታቸውም ለጸሎት የሚነሡበት ሰዓት ስለሚሆን፣ በሐይቁ ዳር አብረው የሚቀመጡበት ጊዜ ያገኛሉ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወስኑ። ናይቫሻ ላይ ሰፋ ያለ ቤት ተከራይቶ ራስን ችሎ ማብሰል ከሆቴል እንደሚረክስ ሰዎች ይነግርዎታል፤ እውነት ነው፣ ይረክሳል። እርስዎ ግን ማእድ ቤት ያለውን ቤት አይከራዩ። እናትዎ ምድጃውን ባዩበት ደቂቃ ሽንኩርት ወደ መክተፍ ይገባሉ። ቁርስ፣ ምሳና እራት የሚያቀርብ ሆቴል ይያዙ፣ ክፍላቸውም ከእናንተው ክፍል ጎን ለጎን ይሁን።